አገር የለሽ ቁጥር

አናጢ የሚባለው ሰው ሁልጊዜ የሚቆመው ከደም ቋሊማ ሻጩ ፊት ለፊት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የቤሪ ከተማ ገበያ ሰው በሰው ነበር። ድንቢጥ ከኋላው ተሰለፈች። አልተያዩም። በዚያ አገር ሰልፍ ላይ የቆመን ሰው ማንም አይጠረጥርም፤ ሰላይ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ቢፈልግም አያገኝም።

«ሰናፍጩ ዛሬ ያቃጥላል» አለ አናጢ ፊቱን ሳያዞር። የተከተለኝ የለም ማለቱ ነው።

«እኔ ያለሰናፍጭ ነው የምበላው።» እሷንም የተከተላት የለም።

«ቁጥሩስ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር ምን ስትሠሪ ከረምሽ? ሙዚቃ ስታዳምጪ?»

እውነትም ሙዚቃ ስታዳምጥ ነበር የከረመችው።

«ዓርብ ዕለት ሁሉንም የስልክ መስመር ይቀይራሉ» አለ ቋሊማውን እየተቀበለ። «ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እኔ ደግሞ እንደ አዲስ አልጀምርም። እስከ ሐሙስ።»

ሄደ። ድንቢጥ ተራዋ ደርሶ ስለነበር የማትወደውን ቋሊማ ገዛች።

ድንቢጥ የሚላት እሷና አናጢ በስለላ የሚሠሩለት የመንግሥት ቢሮ ነው። ልትሰልለው በተቀጠረችበት ድርጅት ውስጥ ስሟ ሞይራ ግሪንሃል ነበር። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ሄደዋል፤ አንዳንድ ቀን እሷም ራሷ ትረሳዋለች።

ድርጅቱ የሚሸጠው ስልክ ይዞ መጠበቅን ነበር። በዚያ አገር የተራ ስልክ ቁጥር መነሻ የከተማውን ስም ይናገራል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። ከተማ የሌላቸው፣ በዜሮ ስምንት ወይም በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምሩ ቁጥሮች ግን አሉ። እነሱ ላይ የደወለ ሰው በየደቂቃው ይከፍላል፤ ከሚከፍለውም ለባለቁጥሩ ይደርሰዋል። ድርጅቱ እነዚህን አገር የለሽ ቁጥሮች ኢንተርኔት ላይ ከሆስፒታሉ፣ ከሐኪሙ፣ ከጡረታ ቢሮው ስም አጠገብ ይለጥፋል። የቸኮለ ሰው ይደውላል። ቫዮሊን ይሰማል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሙዚቃው ደስ ይላል፣ ካርዱ ያልቃል። መጨረሻ ላይ፣ ካርድ ከተረፈው፣ ገና ከጅምሩ በራሱ ሊደውልበት ይችል ወደነበረው ርካሽ ቁጥር ያሻግሩታል።

ከእያንዳንዱ አገር የለሽ ቁጥር ሥር ግን አገር ያለው ተራ ቁጥር አለ። ጥሪው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነው። ያ ቁጥር ከተገኘ ከተማው ይገኛል፤ ከተማው ከተገኘ ማሽኖቹ ያሉበት ቤት ይገኛል። አናጢ የሚፈልገው እሱን ነው።

ድንቢጥ የምትፈልገው ወይዘሮ ዶሪን ፕላትን ዝም ማሰኘት ነበር።

ወይዘሮ ፕላት በጥር ደወሉ። የሐኪማቸውን ቢሮ ያገኙ መስሏቸው ነበር። «ደረቴን ትንሽ ከበደኝ» አሉ። «ላስቸግራችሁ ፈልጌ አይደለም።» ስልኩን ካነሳችው ከድንቢጥ ጀርባ የድርጅቱ ባለቤት ክላይቭ ስታንስፊልድ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። እውነተኛው የሐኪሙ ቁጥር ምላሷ ላይ ነበር። ብትናገረው የወራት ሥራ ገደል ይገባል።

«እባክዎ ይጠብቁ» አለች።

ጠበቁ። «ካርዴ ሊያልቅ ነው መሰለኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ይቅርታ እየጠየቁ፣ መስመሩም ተቋረጠ። የሞታቸውን ማስታወቂያ ድንቢጥ አውቶቡስ ውስጥ በተጣለ ጋዜጣ ላይ አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው አይለያትም። ውሃ ስትከፍት ይሰማታል። ምንጣፍ ስትጠርግ ይሰማታል። አስቸገርኩሽ እንዴ ይሏታል። ይህ ሥራ ካልተሳካ እኚያ ሴት በከንቱ ሞቱ ማለት ነው፤ የገደለቻቸውም እሷ ናት። እንዲህ ነበር የምታስበው።

ክላይቭ ጨካኝ ሰው ነው። ሠራተኛ በአንድ ቃል ያባርራል፤ የታመመ ሰው ደመወዝ ይቆርጣል። የሻይ ተራውን ግን ዘሎ አያውቅም። በዚያ አገር መሥሪያ ቤት ሌባ ሆኖ መኖር ይቻላል፤ የሰው ሻይ እየጠጡ በተራ አለማፍላት ግን አይቻልም።

ማክሰኞ ከሰዓት ተራው የእሱ ነበር።

«ሞይራ፣ ወተት በዛ አድርጌ፣ ያለስኳር?»

«አዎ። የዛሬው ደግሞ ሻይ ሻይ ይበል።»

«ካልጣመሽ ውሃ ጠጪ» አለና ኩባያዎቹን ሰብስቦ ወጣ።

ተነሣች። የክላይቭ ቢሮ ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው።

የጠረጴዛው ስልክ አሮጌ ነው፤ ቁጥር አያሳይም። መጨረሻ የተደወለበትን መልሶ የሚደውል ቁልፍ ግን አለው። ተጫነችው።

ጠራ። ጠራ።

«ክራግሾ፣ አራት ሁለት ሰባት» አለ ቀጭን ድምፅ።

እጀታውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

የዚያ ኮረብታ አሮጊቶች ስልክ ሲያነሱ ሃሎ አይሉም። የመንደራቸውን ስምና ቁጥራቸውን ይናገራሉ። በልጅነታቸው እንደዚያ ነው የተማሩት፤ ተዉት ያላቸውም የለም። ክላይቭ ያንን ቁጥር ከመንግሥት ሰውሮ፣ ከራሱ ሠራተኞች ሰውሮ፣ በሰባት ቁልፍ ቆልፎበት ነበር። እናቱ ግን በጨዋ ደንብ አነሱት።

«ክላይቭ ነህ?»

«ከመሥሪያ ቤቱ ነው እማማ። ሞይራ እባላለሁ።»

«እሰይ፣ ደግ አደረግሽ። ከሱ በቀር የሚደውልልኝ የለም። እነዚያ ጣሪያ ሥር ያስቀመጣቸው ሳጥኖች ዛሬም እያጉረመረሙ ነው በይልኝ። ድመቷ ደረጃውን አልወጣም ብላለች።»

አለቀ። ሳጥኖቹ የድርጅቱ ማሽኖች ናቸው፤ ያሉትም እዚያ ነው። አሁን መዝጋት ነው።

«አንዴ ጠብቂኝ ሆዴ፣ ድስቱ ሊገነፍልብኝ ነው። እንዳትዘጊ።»

የሴትየዋ ስልክ እጀታ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት። የነጠላ ጫማ ኮቴ ራቀ። የሆነ ቦታ ሬዲዮ ያወራል።

ብትዘጋ፣ ሴትየዋ ወዲያው ልጃቸው ጋ ይደውላሉ። ያቺ ልጅ ተቋረጠችብኝ ይሉታል።

ጠበቀች።

ከኮሪደሩ ማዶ የውሃ ማፍያው ጠቅ ብሎ ጠፋ።

ጠበቀች። ጆሮዋ ውስጥ ባዶ ቤት ነበር። መጠበቅ እንዲህ ነው ለካ፣ አለች በልቧ። እንዲህ ነበር የጠበቁኝ።

ማንኪያ ኩባያ መታ። አንድ። ሌላ።

«አለሽ እንዴ?»

«አለሁ እማማ።»

«የኔ ጎበዝ። ሰው እኮ ይዘጋብኛል። ወሬ ታበዢያለሽ ይሉኛል።»

«እማማ፣ መደወሌን ለክላይቭ አይንገሩት። ይቆጣኛል።»

«ምን በወጣኝ። ሲቆጣ እኔንም አይምረኝ።»

ዘጋች።

ክላይቭ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በሁለት እጁ ኩባያ ይዟል።

«ወንበሬ ተመቸሽ?»

«ስቴፕለር ፈልጌ ነው። የኛን ማን እንደወሰደው እንጃ።»

ስልኩን አየ። እሷን አየ። ስቴፕለሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት።

«ሻይሽ ይቀዘቅዛል» አለ።

ከሥራ ስትወጣ ከኋላዋ ሰው እንዳለ አወቀች። ትራም ላይ ወጣች፤ በሩ ሊዘጋ ሲል ወረደች። በጀርባ መንገድ ዞረች። አንድ ሱቅ በፊት ለፊት ገብታ በጓሮ ወጣች። ዞር ብላ አየች። ማንም የለም። አምልጬዋለሁ አለች።

አናጢ በሚገናኙበት የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ማሽኑ ውስጥ የሰው አንሶላ ሲሽከረከር እያየ ተቀምጧል። ቁጥሩን ነገረችው። ምንም አልጻፈም።

«አንድ ነገር» አለች። «እናትየው እንዳይነኩ። ምንም አያውቁም። ሳጥኖቹ ምን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም።»

«ቃሌ ነው።»

«በስምህ ማልልኝ።»

«ስሜን አታውቂውም» አለና ሳቀ። «ሂጂ፣ ተኚ። ጥሩ ሠርተሻል።»

ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት። ወይዘሮ ፕላት አልመጡም።

ሐሙስ ክራግሾ እንድትሄድ ማንም አላዘዛትም። እናትየው አለመነካታቸውን በዓይኗ ልታይ ሄደች። አውቶቡሱ በዝናብ ውስጥ ኮረብታውን እያቃሰተ ወጣ። ስትደርስ ሁለት ፖሊሶች ጥቁር ሳጥኖችን ከአንዲት ጠባብ የድንጋይ ቤት እያወጡ መኪና ላይ ይጭኑ ነበር። ጎረቤቶች በዝናብ ኮታቸው ወጥተው ያያሉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጀርባ ሁለት ሰዎች በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመዋል።

አናጢና ክላይቭ።

ክላይቭ ካቴና የለውም።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ አናጢ።

«ለምን አልታሰረም?»

«ድርጅቱ በእናቱ ስም ነው። መስመሩም፣ ባንኩም። ፊርማው የሳቸው ነው።»

«ፈርሚልኝ ብሏቸው ነው የፈረሙት።»

«እናውቃለን። ማክሰኞ ራሱ ነገረኝ። ከኋላሽ ነበር። አንቺ ልብስ ማጠቢያ ቤቱን ለቀሽ ስትወጪ እሱ ገባ።»

ድንቢጥ ወደ ክላይቭ ዞረች።

«እንደሱ ያሉ ሌሎች ሦስት ድርጅቶችን ይሰጠናል» አለ አናጢ። «እሳቸው ምን ይሰጡናል? የድስት ክዳን?»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ለድንቢጥ ነው ቃል የገባሁት። ከዛሬ ጀምሮ ድንቢጥ የምትባል የለችም።»

ክላይቭ ጫማውን እያየ ነበር። «አሮጊት ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ዳኛ አይጨክንባትም። እኔ ላይ ግን ይጨክናል።» የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ስታንስፊልድ ግን የወለዱት አንድ እሱን ብቻ ነበር።

ሴትየዋ በሁለት ሴት ፖሊሶች መሐል ወጡ። የእሑድ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ደረጃው ያዳልጣል፣ ተጠንቀቁ ልጆቼ ይሏቸዋል። ግንቡ ልጃቸውን ከልሎታል።

ድንቢጥ መናገር አልነበረባትም። እግሯ ግን ወሰዳት።

«እማማ፣ ይደገፉኝ።»

ቀና ብለው አዩዋት። ፊቷን አያውቁትም። ድምጿን ግን አወቁት።

«ሳትዘጊ የጠበቅሽኝ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አልነገርኩትም እኮ። ማን ደወለ ብሎ ሲጮህብኝ ነበር፤ ማንም አልኩት።» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «እነዚህ ልጆች ተሳስተዋል። ክላይቭ ጋ ደውይልኝ። እናትህን ወሰዷት በይው። እሱ መጥቶ ያስተካክለዋል።»

ሃያ እርምጃ ወደ ግንቡ ጀርባ ቢያዞሯቸው ልጃቸውን ያዩታል። አንድ ቃል ብትናገር ይሰሙታል። ከዚያስ? ያላቸው እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ልትወስድባቸው ነው።

«እደውልለታለሁ» አለች።

«በተራው ቁጥር ይሁን። በነዚያ በውዶቹ እንዳትደውይ፤ ሲያስጠብቁሽ ገንዘብሽን ይበሉታል።»

መኪናው በሩን ዘግቶ ቁልቁል ወረደ።

ያን ከሰዓት ቫዮሊኑ በየሰው ጆሮ ውስጥ ቀጥ አለ። የታመመ ሰው ሐኪሙን በቀጥታ አገኘ፤ ጡረተኛዋ ካርዷ ተረፈላት። ሥራው ተሠርቷል። በአናጢ ቢሮ ጠርሙስ ተከፈተ ሲባል ሰማች፤ አልሄደችም። ክላይቭ ጋም አልደወለችም።

አሁን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ይዛ አንድ የእንጨት መጋዘን ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የሚያውቃት የለም። ጠረጴዛዋ ላይ ስልክ ሲጮኽ ሌላ ሰው እስኪያነሳው ትጠብቃለች። የሥራ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል።

«ስልክ ትፈሪያለሽ እንዴ አንቺ?» አላት አንዱ።

«እፈራለሁ» አለች።

ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ስልኩም እስኪነሳ ድረስ ጮኸ።