ከነጫማው

የእንጨት ሥራ ቤቱ ጌታ ዕቃ ቫርኒሽ በሚቀባበት ክፍል ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ ጫማው ከእግሩ አልወጣም።

አንድ ቦታ መቆም ስለማይሆንላት ባልደረቦቿ «እንዝርት» የሚሏት መርማሪ ክፍሉን ትዞረዋለች። ሃምሳ አለቃው በዓይኑ ሲከተላት ራሱ ዞረበት።

«ኧረ ያለቀለት ነገር ነው! እዚህ ገብቶ የገደለ ሰው ቫርኒሽ ይነካዋል። ቀቢው ደግሞ እስከ ክርኑ ቫርኒሽ ነው። በቃ!»

ቀቢው በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። መውለጃዋ የደረሰ ሚስቱ ደጅ ስታለቅስ ይሰማል።

«ገልብጠህ ነው የያዝከው» አለች። «ዝናብ ከጣለ መሬት ይርሳል። መሬት ስለራሰ ግን ዘንቧል ማለት ነው? ባልዲ ተደፍቶስ ቢሆን? ቀቢ እኮ ሳይገድልም ቫርኒሽ ይነካዋል!»

ወደ ቀቢው ዞረች። «ወንድሜ፣ ጌታህ እዚህ ከነጫማው ይገባ ነበር?»

«ጋሼ? ሞቶ ነዋ!» አለና ዓይኑን ወደ ሬሳው መለሰ። «አቧራ ቫርኒሹን ያበላሻል ብሎ ጫማውን በር ላይ ሳያወልቅ ገብቶ አያውቅም።»

«ካልሲውን የማጥበው እኔ አይደለሁ?» አለች በሩ አጠገብ የቆመችው የሟች ሚስት እንባዋን እየጠረገች። «ቫርኒሹ መች ይለቅና!»

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ቀቢው፣ የሟች ሚስትና ታናሽ ወንድሙ። ከሟች ሚስት ጎን የቆመው ወንድምየው ሸሚዙን አራገፈ። «እኔ የምውለው መሸጫ ሱቃችን ነው። እዚህ አቧራ ውስጥ ረግጬ አላውቅም።»

እንዝርት ለሃምሳ አለቃው በጆሮው አንድ ነገር ነግራ ላከችው። ከዚያ ሦስቱን በሩ ላይ ሰብስባ ወዲያ ወዲህ እያለች ጀመረች።

«ሰውየው በእግሩ ቢገባ ኖሮ ጫማውን ያወልቅ ነበር። አላወለቀም፤ እንግዲያው በእግሩ አልገባም። ሌላ ቦታ ሞቶ ነው ተሸክመው ያመጡት። ያመጣውም ሰው ልማዱን ቢያውቅ ኖሮ፣ እዚሁ የሞተ ለማስመሰል ጫማውን ያወልቅለት ነበር። አላወለቀለትም፤ እንግዲያው አያውቅም። ከሦስታችሁ የማያውቀው ማነው?»

ወንድምየው ሊስቅ ሞከረ። «የማያውቅ ሁሉ ገዳይ ነው እንዴ? አሁንስ ማን ገለበጠ?»

«እውነትህን ነው፤ አይደለም። ለዚህ ነው ሃምሳ አለቃውን ሱቅህ የላክሁት።»

ሃምሳ አለቃው እያለከለከ ደረሰ። «ምንጣፉን ስገልጠው ወለሉ ደም ነው!»

ወንድምየው ወደ ሟች ሚስት ዞረ። «ሱቁን ሊዘጋብኝ ነበር... ገፋሁት እንጂ...»

«ወንድሙ ሆነህ!» ብላ ጮኸች የሟች ሚስት። «አንድ ቀን እንኳ ሥራውን ልይለት ብለህ ብትገባ ኖሮ፣ ታውቅ ነበር!»

የቀቢው ካቴና ተፈታ። ወደ ሚስቱ ሊሮጥ ብሎ መለስ አለ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ በካልሲው ገብቶ ተንበረከከና የጋሼን ጫማ ማሰሪያ ይፈታ ጀመር። እንዝርት አንድ ቦታ ቆማ አየችው።