በጓሮው መጋዘን ያደረው ሰው

ዘበኛው ሶርሳ ሞቶ የተገኘው በጌታው ጓሮ፣ መጋዘን ውስጥ፣ በአካፋና በዶማ መካከል ጆንያ ላይ እንደተኛ ነበር። ዶማ ልታወጣ ገብታ ያገኘችው ሣራ፣ የቤቱ ምግብ ሠሪ ናት። ምክትል ኢንስፔክተር ሩሐማ ከጂንካ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ግን ጣት ሁሉ ወደ ሣራ ተቀስሯል።

«ራቱን የሰጠችው እሷ ናት» አሉ ባለቤቱ ጋሽ ልዑልቃል። «ሲጣሉም ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምቻለሁ።»

የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሩሐማ አመነቻቸውና ሣራን በፖሊስ አስይዛ ወደ ጣቢያ ላከቻት። ከዚያ በኋላ ነው መጋዘኑን በቅጡ ያየችው።

ግድግዳው ሥር አይጦች ሞተዋል። አንዲት እንሽላሊትም በጀርባዋ ተዘርግታለች። መስኮቱ ከውጭ በጆንያ ተደፍኗል፤ ከበሩ ሥር ጭቃ የያዘ ጨርቅ ወድቋል።

«ነጭ ሽንኩርት ይሸታል» አለ አብሯት ያለው ፖሊስ ሽመልስ። «ከራቱ ይሆናል።»

ሩሐማ የጋሽ ልዑልቃልን ሚስት ፈልጋ ማድ ቤት አገኘቻት።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ሶርሳ ራቱን ምን በላ?»

«እኛ የበላነውን ጎመንና ቂጣ። ሣራም አብራን በልታለች።»

«ነጭ ሽንኩርት ነበረው?»

«ባለቤቴ አይወድም፤ ቤታችን አይገባም።»

«የጥበቃ ክፍል እያለው ለምን መጋዘን ተኛ?»

ሙሉወርቅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «ከሃና ከተማ እንግዶች መጡብንና ክፍሉን ለእነሱ አስለቀቅነው። ባለቤቴ እስኪሄዱ ቤትህ እደር አለው። መንደሩ ሩቅ ነው፤ ዝናቡም አለ። ሹልክ ብለህ መጋዘኑ ውስጥ ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም።»

ሩሐማ በመስኮት አየች። መጋዘኑን የተደገፈው የዶሮ ቤት ባዶ ነው።

«ዶሮዎቹስ?»

«ትናንት ልዑልቃል ጎረቤት ውሰጃቸው አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።»

ጋሽ ልዑልቃልን ስለ አይጦቹ ስትጠይቃቸው፣ «ዘሩን ጨረሱት፤ ወጥመድ እናጠምዳለን። መርዝ ግን ቤቴ አይገባም» አሏት።

ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡንና እንግዶቹን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሣራንም አስመጣቻት።

«ሶርሳን ራቱ አልገደለውም» አለች። «ሣራም ሌሎቻችሁም ከዚያው ድስት በልታችኋል። ከራቱ ያልቀመሱት አይጦችና እንሽላሊቷ ግን ሞተዋል። የገደላቸው የተነፈሱት አየር ነው። እህል ውስጥ የሚደረገው የነቀዝ ክኒን ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አይጦቹን ለመጨረስ ክኒኑን አስገብቶ መስኮቱንና በሩን ከውጭ የደፈነ ሰው አለ። ሣራ፣ ሶርሳ እዚያ እንደሚተኛ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ሣራ። «የተጣላነውም በዚሁ ነው። ብርድ ይመታሃል፣ እዚያ አትተኛ ብዬው።»

«እትዬ ሙሉወርቅም ታውቅ ነበር፤ ልትገድለው ብታስብ ኖሮ ያስተኛሁት እኔ ነኝ ብላ ባልነገረችኝ። የደፈነው ሰው ሶርሳ እዚያ መኖሩን አያውቅም። ክኒኑ እንደሚገድል ግን ያውቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ዶሮዎቹን አሸሸ።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሽ ልዑልቃል፣ ለዶሮዎቹ አስበዋል። ከመድፈንዎ በፊት ግን ወደ ውስጥ አላዩም።»

«መሽቶ ነበር» አሉ። «ሰው አለ ብዬ እንዴት ላስብ?»

«እሱን አምንዎታለሁ። ጠዋት ሬሳው ሲገኝ ግን ገብቶዎታል። ሣራ ስትያዝም ቆመው ያዩ ነበር።»

«አፈርኩ» አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ምእመናኑ ምን ይሉኛል ብዬ አፈርኩ።»

እንግዶቹ የማን አልጋ ላይ እንዳደሩ አሁን ገባቸው፤ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ሩሐማም አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ስለተከበሩ፣ ሣራም ምግብ ሠሪ ስለሆነች፣ ሳትመረምር ፈርዳ ነበር።

ሽመልስ ጋሽ ልዑልቃልን ይዞ ሲወጣ ሣራ ወደ ሩሐማ ተጠጋች።

«በጓሮ በኩል ልሂድ?» አለቻት። «ጠዋት በገበያው መሃል ነው የወሰዱኝ። ሰው ሁሉ አይቶኛል።»

«አይሆንም። በገበያው መሃል አብረን እናልፋለን።»

«ምን ሊሉ?»

«ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ሣራ ትክ ብላ አየቻት። «ጮክ ብለው?»

«ጮክ ብዬ።»

ገበያው ጋ ሲደርሱ ሽንኩርት ሻጮቹ ለሩሐማ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ባርኔጣዋን አወለቀችና መናገር ጀመረች።