የታጠበው ድሪ

ሣጥኑ ባዶ ነበር። ቁልፉ ግን አልተሰበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ጠሃ ሲከፍቱት ያገኙት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ነው። በጨርቁ ተጠቅልሎ የነበረው የጠገራ ብር ድሪ የለም። ሐጂ ጮኹ። ፖሊስ መጣ። እኩለ ቀን ሳይሆን ዘበኛው በሪሁን ታሰረ።

ኢንስፔክተር ኤልሳቤት ጉዳዩ የደረሳት ማክሰኞ ነው። ሲኒማ ራስ አጠገብ ወዳለው የብር ጌጥ ሱቅ ስትገባ ሐጂ ከመቀመጫቸው አልተነሡም።

«ሌባው ተይዟል፤ ደግሞ ምን ቀረ ልጄ?» አሉ።

«ድሪው አልተያዘማ፣ ሐጂ።»

በሪሁን ላይ የተገኘው አንድ ጠገራ ብር ነው፤ በማተቡ ላይ ተንጠልጥሎ። እናቴ በልጅነቴ ያሰረችልኝ ነው ቢልም ሳጅን ኪዳነ ማርያም አላመነውም። ለነገ ፍርድ ቤት ተቀጥሯል። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለችውን የዘበኛ ክፍል እንድትለቅ ተነግሯታል።

«ድሪው ምን ይመስል ነበር?»

«በክር የተሰካ ጠገራ ነዋ! ጠቁሮ፣ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። አንጥረኛው አዩብ አጥቦ ሐሙስ መለሰልኝ። መስተዋት በይው።»

«ቁልፉስ?»

«ወገቤ ላይ ነው የሚያድረው።»

«አይለይዎትም?»

«ለሶላት ስታጠብ፣ ውዱእ ሳደርግ አስቀምጠዋለሁ። እሱም ከዚህ ከጓሮ፣ ቤቴ ውስጥ ነው። ቤቴ ውስጥ ማን ይነካዋል?»

«ድሪው የማን ነው?»

ሐጂ ሙስበሃቸውን አንሥተው ዶቃውን መቁጠር ጀመሩ።

«የቤቱ ነው» አሉ። ዐይኗን አላዩም።

ኤልሳቤት ጣቢያ ተመልሳ የበሪሁንን ጠገራ ከመሳቢያ አወጣች። እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ነው። ሳጅኑን አስጠራችው።

«ድሪው ሐሙስ መታጠቡን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ለምን ጥቁር ሆነ?»

ሳጅኑ ሳቀ። «ዘበኛ ሞኝ መሰለዎት እንዴ? ራሱ አጥቁሮት ነዋ!»

«በምን?»

«እሱን እንኳ እኔ አላውቅም።»

እሷም አታውቅም ነበር። የሚያውቀውን ሰው ፍለጋ ወደ ሸማ ተራ ሄደች።

አዩብ ከሸማ ሻጮቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ወናፉ አጠገብ ተቀምጧል። የፖሊስ ልብሷን ሲያይ መቆንጠጫውን አስቀመጠ።

«መቼ ይመጡ ይሆን እያልኩ ነበር። ብር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንጥረኛ ነው፤ ብር ሲገኝ ግን የሚያመሰግነን የለም።»

«እኔም ጠርጥሬሃለሁ። ዓርብ የት ነበርክ?»

«ቡታጅራ፣ ለቅሶ። ሐሙስ ድሪውን አስረክቤ ሄድኩ፤ የተመለስኩት ትናንት ነው። የአውቶቡሱን ረዳት ይጠይቁ። ለአንዲት ከረጢት እስከ አዲስ አበባ ድረስ ስንጨቃጨቅ ነው የመጣነው፣ አይረሳኝም።»

ጠገራውን ዘረጋችለት። ወደ ብርሃኑ አዙሮ በጥፍሩ ዳበሰው።

«ይሄ እኔ ዘንድ አልመጣም። ጎድጎድ ያለው ጠቁሯል፤ ላዩ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ጉንጭና ትከሻ ግን ነጭ ነው። ልብስና ገላ ሲያሸው የኖረ ብር እንዲህ ይሆናል። ብዙ ዓመት ይፈልጋል።»

«ቶሎ ማጥቆር አይቻልም?»

«ይቻላል። የተቀቀለ እንቁላል ከብሩ ጋር ከድኖ ማሳደር ነው። የብር ቀለበቷን ሳታወልቅ እንቁላል የላጠች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ግን ያለብሰዋል እንጂ አያስረጀውም። ጉንጩም ጉድጓዱም እኩል ይጠቁራል፤ እዚያም እዚያም ውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ይመስላል።»

ኤልሳቤት ጠገራውን መልሳ ያዘችው። በሪሁን አልዋሸም። ለሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ያደረው እውነቱን ተናግሮ ነው።

«ሐጂ ድሪውን ሲሰጡህ ምን አሉህ?»

አዩብ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እንደ አዲስ አድርገው፣ ለሙሽራ ነው አሉኝ። ነጠብጣቡን ብቻ በሳሙና ውሃ አስለቅቄ በጥጥ ላድርቀው፣ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። በሎሚና በጨው ቀቀልኩት፣ በአመድ ፈተግኩት። የሴትዮዋ ፊት ሲሳሳ እያየሁ ፈተግኩት። እንጀራ ነው ብዬ እሺ አልኩ እንጂ እስካሁን ይቆጨኛል።»

«ሐጂ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው የለ? የቷ ሙሽራ ናት?»

«እኔ አንጥረኛ ነኝ፣ አማላጅ አይደለሁም» አለ አዩብ። ከዚያ በኋላ ቀና አላለም።

ኤልሳቤት ቁልፉ ወደሚቀመጥበት ቤት ሄደች፤ የሐጂ ባለቤት እትዬ ፈሪዳ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። ሻሻቸው አንድ ፀጉር እንኳ አያሳይም። መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። ቢሆንም ቤቱ ይሸታል፤ የከረመ እንቁላል ሽታ።

ኤልሳቤት ቆማ ቀረች።

«እትዬ ፈሪዳ፣ እንቁላል ይወዳሉ?»

«አልወድም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ተቀቀለ?»

እትዬ ፈሪዳ ወደ ውስጥ ዞሩ። ጓዳ ገብተው ክዳን ያለው ድስት ይዘው ወጡ። መሬት አስቀምጠው ከፈቱት። ድሪው በተፈረፈረ አስኳል መካከል ተጋድሟል። አንዱ ጠገራ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ የከሰል መልክ ይዟል።

«እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ነበር» አሉ። «አልሆነም።»

ኤልሳቤት አጠገባቸው ተቀመጠች።

«መህሬ ነው። ጠሃ ራሱ ስንጋባ ለኒካሃችን የሰጠኝ። መህር የሴቷ ነው፤ ባል ሰጥቶ መልሶ አይወስደውም። ልጆቼን ሁሉ ስወልድ አንገቴ ላይ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሣጥኑ ጠንካራ ስለሆነ ነው። ሌላ ሚስት ሊያገባ መሆኑን ስሰማ ዝም አልኩ፤ ይፈቀድለታል። ድሪዬን አሳጥቦ ለእሷ ሊያስርላት መሆኑን ስሰማ ግን አልቻልኩም። ዓርብ ለጁምዓ ውዱእ ሲያደርግ ቁልፉን አነሣሁ።»

«የራስዎን ነው የወሰዱት። ለምን አልተናገሩም?»

«እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ። ፈሪዳ፣ ድሪሽ እኮ ጠፋ ይለኛል ብዬ። ለእኔ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ፖሊስ ጠራ።»

«በሪሁንስ?»

እትዬ ፈሪዳ የጠቆሩ ጣቶቻቸውን አዩ።

«በማግስቱ የሚፈቱት መሰለኝ። ሳይፈቱት ሲቀር አፈርኩ። በዋለ ባደረ ቁጥር አፌ ከበደኝ። ምሳ እልክለት ነበር።»

«ምሳው ደርሶታል» አለች ኤልሳቤት።

ሐጂ ጠሃ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሰሙ አይታወቅም። ወደ ድስቱ ጎንበስ አሉ።

«ፈሪዳ፣ እኔ እኮ... አንድ ቀን ስትወለውዪው አይቼ አላውቅም። እንደዚያ ጠቁሮ ሳየው የረሳሽው መሰለኝ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ብር ሸጥክ» አሉ እትዬ ፈሪዳ። «የተረሳና የተጠበቀ መለየት አቃተህ? እጄ እንዳያሳሳው ብዬ ነው ያልነካሁት።»

ሐጂ ወደ ጣቢያ ሄዱ። በዚያው ቀን ክሳቸውን አነሡ።

በማግስቱ በሪሁን ተፈታ። ጠገራው ተመልሶለት ማተቡ ላይ አሰረው። ሐጂና እትዬ ፈሪዳ በጣቢያው በር ላይ ይጠብቁታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው በሪሁን» አሉ እትዬ ፈሪዳ። «አውፍ በለኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፣ እትዬ።»

«ና፣ ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉ ሐጂ። «ክፍሏም የእናንተ ናት።»

በሪሁን አልተንቀሳቀሰም።

«ሐጂ፣ ሳጅኑ እጄን አስሮ ሲያመጣኝ በጎጃም በረንዳ ነው ያሳለፈኝ። ተሸካሚው፣ ባለጋሪው፣ ዳቦ በዱቤ የምትሰጠኝ ሴትዮ ሳትቀር ሌባ ሌባ ብለውኛል። በዚያው መንገድ ይመልሱኝ። ለእነሱም ይንገሩልኝ።»

ሐጂ መሬት መሬት አዩ። ይህን መናገር የቤታቸውን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው።

«ሰው እኮ ይረሳዋል» አሉ።

«እኔ አልረሳውም፣ ሐጂ።»

እትዬ ፈሪዳ ነጠላቸውን አጠበቁ። «እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉና ቀድመው ወጡ።

ኤልሳቤት ራቅ ብላ ተከተለቻቸው። እትዬ ፈሪዳ በየሱቁ ደጃፍ ይቆማሉ። በየደጃፉ የሚሉት አንድ ነው።

«በሪሁን ሌባ አይደለም። ድሪውን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ኧረ ጉድ፣ የራሷን ቤት ዘረፈች!» አለ አንድ ባለጋሪ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ።

ሐጂ ከኋላ ደረሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የእሷን ንብረት ሳልጠይቃት የወሰድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳቁ፤ ግን በእኔ ሳቁ።»

የሳቀ አልነበረም።

ዳቦ ሻጯ ጥጓ ላይ ነበረች። ሁሉንም ሰማች። ትኩስ ዳቦ አንሥታ ለበሪሁን ዘረጋችለት።

«እኔ እንኳ ያን ቀን አላመንኩም ነበር፣ ወንድሜ።»

በሪሁን ዳቦውን አልተቀበላትም። ቁጣም ፊቱ ላይ አልነበረም።

«ስትጮኺ እኮ ሰምቼሻለሁ» አላት፤ መንገዱንም ቀጠለ።