ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ

ሐኪሟ ገብታ ተቀምጣለች።

አስተናጋጁ ትሪውን ደረቱ ላይ አስደግፎ አያት። መስኮቱ ዳር፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ እንደተነጋገሩት። የወይራ ፍሬ በሹካ ስታሳድድ ፍሬው ከሳህኑ ዘሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

«የተጠበሰ ዓሣ። ሎሚው ለብቻው ይሁን።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነው። እሱ «ሎሚው ይመጣል» ሲላት እጅ ልትታጠብ የተነሣች መስላ በኮሪደሩ ወደ ኋላ በር ትሄዳለች። ቅያሱ ውስጥ ነጭ መኪና ይጠብቃታል።

ሴትዮዋ ስሙ በማይነሣ እስር ቤት ስትሠራ የኖረች ናት። ሥራዋ የሚገረፈው ሰው ቶሎ እንዳይሞት ማድረግ ነበር። በቃኝ አለች። አሁን ድንበር ተሻግራ ያየችውን ሁሉ ዳኞች ፊት ልትናገር ነው። ከተያዘች ግን የሚናገር አፍ አይኖራትም።

አስተናጋጁም አስተናጋጅ አይደለም፤ ሰላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው «ሽንኩርት» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ጋሼ ናቸው፤ «ቢልጡህ ቢልጡህ ውስጥህ አይገኝም» ብለው። ጋሼ አለቃው ናቸው እንበል እንጂ፣ አባቱን ሳያውቅ ላደገ ሰው ከዚያም በላይ ነበሩ። «ልጄ» ሲሉት እንደ ሕፃን ደስ ይለው ነበር። ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩት አቀማመጥ ነው።

«ጀርባህን ለግድግዳ፣ ዓይንህን ለበር። ጀርባውን ለበር የሚሰጥ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ የሚገባውን ሰው ያውቀዋል።»

ክረምቱን ሙሉ እዚህች የሜዲትራኒያን ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አመላልሷል። የሚኮራባት ቤት አይደለችም። ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ወረቀት ነው፣ ወንበሮቿ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሰዉ የተፈጨውን ሽምብራ ከመሐል አድርጎ በቂጣ እያጠቀሰ ይሳሳቃል። ባለቤቱና ወጥ ሠሪው «ወፍራሙ» የሚባል፣ ሁሉን የሚሳደብ፣ ማንንም የማይጠላ ሰው ነው።

የበሩ ደወል ጮኸ። ጋሼ ገቡ።

የዛሬ ሥራቸው ዙሪያውን ማየት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አወለቁ።

እሰየው ሊል ሲል ወንበር ሳቡ። መሐል ቤት ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ።

«የለመዱት ጥግ ክፍት ነው፣ ጋሼ። አሁን ነው የወለወልኩት።»

«ዛሬ እዚህ ይሻለኛል። ፀሐይዋን ፈልጌ ነው።»

ፀሐይዋ ያለችው ጥጉ ጋ ነበር።

ጠረጠረ። ፊቱ ግን ፈገግታውን አልጣለም፤ ይህንንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ባዶ ሳህን ሰብስቦ በኮሪደሩ አለፈና በኋላው በር ስንጥቅ አጮለቀ። ነጩ መኪና ቆሟል። መሪው ላይ ያለው ሹፌር ግን የእነሱ ሰው አይደለም። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች አንገታቸውን ቀብረዋል።

ሆዱ «እሳቸው አያደርጉትም» አለው። ሆዱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የዘይቱን ጠርሙስ አነሣ።

«ሎሚውስ?» አለች ሐኪሟ።

«ሎሚው ይመጣል፣ እመቤቴ» አለ፣ ጋሼ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። በዚያው ቅጽበት ዘይቱን ቀሚሷ ላይ ደፋው።

ብድግ አለች። «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ በሞቀ ውኃ ቶሎ ይለቃል» እያለ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ሳይሆን ወደ ማዕድ ቤቱ ገፋት።

«እጅህ ምን ነካው!» አለ ወፍራሙ ከጥብሱ ጭስ ውስጥ።

«ባሏ ቅያሱ ውስጥ ቆሟል። ዛሬ ካገኛት ይገድላታል።»

ወፍራሙ የሚንቀጠቀጠውን እጇን አየ። ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቀም። ምድር ቤቱን ከፈተና ወደ ታች ተጣራ። ዓሣ ሻጯ መኪናዋን በጎኑ በር አቁማ በረዶ እያወረደች ነበር።

«አንቺ፣ ይህችን እህቴን ወደቡ አድርሺልኝ። ከዓሣው ጋር ተኝታ ትሂድ። ብትሸት አትሞትም።»

አስተናጋጁ የሐኪሟ ጆሮ ሥር ጎንበስ አለ። «ወደቡ ላይ መረብ ጠጋኙን ይጠይቁ። ሽንኩርት ላከኝ ይበሉት። ከእሱ በቀር ማንንም አይመኑ።»

«አንተስ?»

«እኔ ደንበኛ አለብኝ።»

መረብ ጠጋኙን ጋሼ አያውቁትም። «ለእኔም የማትነግረኝ መውጫ ይኑርህ» ብለውት ነበር። ሲያበጀው ግን ትእዛዝ ለመፈጸም እንጂ ከእሳቸው ለመሸሽ ያስፈልገኛል ብሎ አልነበረም። አሁን የሚያንገበግበው ይኸው ነው።

የሐኪሟን ዓሣ ይዞ ተመለሰና ጋሼ ፊት አስቀመጠው። ሽርጡ ሥር የዓሣ ቢላ አለ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ዓይኑን ለበር።

«አስተናጋጅ ከደንበኛ ጋር አይቀመጥም» አሉ ጋሼ።

«እርስዎም ጀርባዎን ለበር አይሰጡም።»

ሹካቸው ቆመ።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«በየት?»

«እርስዎ በማያውቁት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሰሉት። «ልጄን ይዘውብኛል» አሉ።

ስንት ዘመን «ልጄ» ሲሉት ኖረዋል። የሆድ ልጅ ሲመጣ የአፍ ልጅ ይሸጣል ማለት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ኖሯል።

«እኔንስ? እኔንም ሰጡኝ?»

ጋሼ ሎሚ አንሥተው ዓሣው ላይ ጨመቁ። ቢክዱት ይሻለው ነበር።

«አንተ ታመልጣለህ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሽንኩርት አይደለህ።»

«ሽንኩርትን ሲልጡት አመመህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፣ ጋሼ። ተነሡ። ክንዴን ይያዙ።»

አባትና ልጅ መስለው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጡ። ቢላው የጋሼ ጎን ላይ ነው። ማዶ፣ ጋዜጣ የያዘ ሰው ጋዜጣውን አጠፈ። ዓይኑ ጋሼ ላይ ነው፤ ምልክት ይጠብቃል።

ባርኔጣው ገና በጋሼ እጅ ነበር።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። አስተናጋጁ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ። ጋሼን አያቸው። አንድ ነገር ይሉኛል ብሎ ጠበቀ፤ ይቅርታ ባይሆን እንኳ፣ ሂድ።

ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

ጋዜጣው መሬት ወደቀ። ሰውየው እየሮጠ ነው።

ቢላው በእጁ ነበር። አንድ ግፊት ይበቃ ነበር። እጁ እምቢ አለ። ቢላውን ጣለና ዘሎ ገባ፤ በሩም ተዘጋ። ሯጩ መስታወቱን በመዳፉ መታ፣ መታና ቀረ። በኋላው መስኮት ያየው የመጨረሻ ነገር ሁለቱ ጎረምሶች ጋሼን ግራና ቀኝ ይዘው ሲወስዷቸው ነው። ዞረው አላዩትም። ያንን ሁሉ አድርገውበት፣ ዞር ብለው እንዲያዩት መፈለጉ አሳፈረው።

በጋው ሲገባ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ይዞ፣ አንዲት ምሳ ቤት ገባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ራዲዮ የአንዲት ሴት ድምፅ ያሰማል። በዳኞች ፊት ያየችውን ትናገራለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። የጋሼ ልጅ ምን እንደሆነ፣ ወፍራሙ በእሱ ምክንያት ምን እንደደረሰበት የነገረው የለም። መጠየቅ ክልክል ነው። ሌሊት ሌሊት ግን ይጠይቃል።

እግሩ ሳያማክረው የግድግዳውን ጥግ ያዘ። ጀርባውን ለግድግዳ፣ ዓይኑን ለበር። የሸጡት ሰው ያስተማሩት ትምህርት አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፤ ልጣለውም ቢል አይወጣለትም። ፊት ለፊቱ አንድ ባዶ ወንበር ነበር፣ ጀርባው ለበሩ የሆነ።

አስተናጋጇ መጥታ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ወዲያ ማዶ ብዙ ሆነው የመጡ ሰዎች መቀመጫ አጥሯቸዋል።

«ሰው ይመጣል?» አለችው።

ወንበሩን ቆይቶ አየው።

«አይመጣም። ውሰጂው።»