ከውስጥ የተለጠፈች ጀልባ

የጀልባዋ ሸራ ከመስታወቱ ተላቆ በንፋሱ ይውለበለባል። ነጂብ ባለሦስት እግር ራክሻውን ሱቁ በር ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ለሜላት በጣቱ አሳያት።

«ሹፊ፣ እዪማ፣ ባሽመሐንዲስ። ጀልባዬ ሰመጠች።»

ዋና መሐንዲስ ማለቱ ነው። ሲያሾፍባት እንደዛ ይላታል። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ከሐበሻ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ስላደገ አማርኛው ከሷ አይተናነስም። ስድቡማ ይበልጣታል።

ሜላት ተነስታ መስታወቱን አየች። ከሹፌሩ ዓይን ከፍ ብላ የተለጠፈች ወርቃማ የስቲከር ጀልባ ነበረች። እሷ ናት የሣለቻት፣ እሷ ናት በስቲከር መቁረጫ ማሽኑ የቆረጠቻት። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ራሷ ለጠፈቻት። አሁን ግማሿ ተንጠልጥሏል። ይቺ ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋም እንዲሁ ነው የሆነችው።

«ምን አድርገሃት ነው?»

«እኔ? ነዳሁ። ራክሻ ሌላ ምን ይደረጋል?»

«አጥበኸዋል?»

«በየትኛው ውሃ?»

እጅጋየሁ ከውስጥ ወጣች። የሜላት አክስት ናት። ሳምንቱን አል-ማንሺያ አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፣ ቤት የምትመጣው ሐሙስ ነው። ገና ፌስታሏን እንኳን አላስቀመጠችም። መስታወቱን አየች፣ ሜላትን አየች።

«ይሄም ተላጠ?»

«እቴቴ፣ ማሽኑ እኮ አይደለም...»

«ስለ ማሽኑ አልጠየቅኩሽም። ተላጠ ወይ ነው ያልኩት።»

«ተላጠ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ምን እንደሆነ ሜላት ታውቃለች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እዚሁ ከተማው ውስጥ ሪያድ ሰፈር ያለች አንዲት ማዳም መንታ ልጆቿን የምትይዝላት አዳሪ ሠራተኛ ትፈልጋለች፣ እጅጋየሁም ቃል ገብታላታለች። ሜላት ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። በመጨረሻ አክስቷ እንዲህ አለቻት፦ «አንድ የማይላጥ ነገር ለጥፈሽ አሳዪኝ። እሱን ካየሁ ማሽኑም ይቆያል፣ አንቺም ትቆያለሽ። ካላየሁ ማሽኑ ይሸጣል፣ አንቺም ልብስሽን ትሸክፊያለሽ።»

«ገና ነገ አለ» አለች ሜላት።

«ነገ አለ» አለች እጅጋየሁ። ገብታ ጫማዋን አወለቀች።

ከቀትር በኋላ ካርቱም አይነቃም። ሙቀቱ ከአስፋልቱ እየተነሳ ማዶ ያሉትን ቤቶች ያወዛውዛቸዋል፣ ውሃ ሥር ያሉ ይመስላሉ። ከህረባ ጠፍቷል። መብራት ከሌለ ማሽኑም የለም። ሜላት የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ ግማሽ ድረስ አወረደችና ሴራሚኩ ላይ ተጋደመች። ቀዝቃዛው እሱ ብቻ ነው። ስልኳን ጆሮዋ ሥር ወሸቀች።

የፍሰሐ ድምፅ መጣ። ወንድሟ ነው። የቀን ሥራ ሠርቶ ያን ፕሎተር የሚሉትን ማሽን ገዛ። ኮምፒውተር ላይ የተሣለውን ነገር ትንሿ ምላጭ ስቲከሩ ላይ እየሄደች ትቆርጠዋለች። ከዛ ወደ ግብፅ ሄደ። ለሜላት የተዋት ማሽኑንና የድምፅ መልእክቶቹን ነው።

«ስሚኝ አንቺ ችኩል። መጀመሪያ ትንሽ አራት ማዕዘን ቁረጪና ሞክሪ። ስቲከሩ ብቻ ተቆርጦ ከጀርባው ያለው ወረቀት ካልተበሳ ልክ ነው። ከተበሳ ምላጯ ወርዳለች ማለት ነው፣ ከፍ አድርጊያት።»

«ሹል ማዕዘን አትወጂ። ሹል ነገር ነው መጀመሪያ የሚነሳው። ክብ አድርጊው።»

«ትርፉን ስትለቅሚ ወደ ላይ አትጎትቺ። ወደ ኋላ አጥፈሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው። ቀስ! ማን እያባረረሽ ነው?»

«በቀትር እንዳትለጥፊ። በጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል።»

ሁሉንም አድርጋለች። የጀልባዋን ገመድ አወፈረች። ጫፎቹን አከበበች። የማሽኑን ፍጥነት ቀነሰች። መስታወቱንም በአልኮል ጠርጋለች፣ በጠዋት ለጥፋለች። ዓይኗን ከደነች። ወርቃማዋ ጀልባ ኮርኒሱ ላይ ቀስ ብላ አለፈች፣ ሸራዋ ተነፍቶ፣ ማንም ሳይቀዝፋት። ሜላት ልትነካት እጇን ዘረጋች።

ነቃች። እጇ እውነትም ተዘርግቷል፣ የሱቁን የመስታወት በር ነክቷል። እዛ ጥግ ላይ ባለፈው ሳምንት ለሙከራ የቆረጠቻት ወርቃማ አራት ማዕዘን ተለጥፋለች። ፀሐይ ሲመታት ነው የሚውለው። በጥፍሯ ሞከረቻት። ንቅንቅ የለም።

ተነስታ ተቀመጠች። ያው ስቲከር ነው። ያው ማሽን፣ ያው ሙጫ። እዚህ ይይዛል፣ እዛ አይይዝም። እንግዲህ ጥፋቱ ከስቲከሩ አይደለም፣ ከነጂብ መስታወት ነው።

ከመስታወቱ ተነቅላ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ጀልባ አነሳች። የሙጫውን በኩል በአውራ ጣቷ ነካችው። አዳለጣት። ጣቷን አሸተተች።

ሰንደል።

ራክሻ ቤንዚን ነው የሚሸተው። አቧራ ይሸታል፣ የነጂብ ሲጋራም ይሸታል። ሰንደል ግን የሙሽራ ሽታ ነው።

ነጂብ ጥላ ሥር፣ ራክሻው የኋላ ወንበር ላይ እግሩን ወደ ውጪ ሰቅሎ ተኝቷል። ጣቷን አፍንጫው ላይ ደቀነችበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አንድ ዓይኑን ገለጠ። አሸተተ። ከዛ አንገቱን አከከ።

«እናቴ ናት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ነገ ጎህ ሳይቀድ ነይና እይ። እኔ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።»

አርብ ሳይነጋ ሄደች። የነጂብ ቤት ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። ሰማዩ የወተት መልክ ነበረው፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ነጂብ በሩን ከፈተላትና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ሜላት ሹፌሩ ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች።

የነጂብ እናት ሐጃ ዘምዘም ከቤት ወጣች። ነጭ ቶቧን እንደ ነጠላ ራሷ ላይ ጥላለች፣ እጇ ላይ ትንሽ ጠርሙስ አለ። ሜላትን ስታይ አልደነገጠችም።

«እንዴት አደርሽ ልጄ» አለቻት በአረብኛ። ቀጠሮ የነበራቸው ነው የሚመስለው።

ከጠርሙሱ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ሁለት መዳፎቿን አፋተገች። ከዛ ከውጪ በኩል መስታወቱ ላይ አሳረፈቻቸው፣ ቀስ ብላም ታሽ ጀመር፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከጥግ ወደ መሃል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከውስጥ ላየው ሰው መዳፎቿ ሰፋፊ ናቸው፣ ዘይቱ በጣቶቿ መሃል እንደ ውሃ ይፈስሳል። ሜላት ወንዝ ሥር ሆና ሽቅብ የምታይ መሰላት። የጎህ ብርሃን በዘይቱ ውስጥ ገባ፣ መስታወቱ በሙሉ ወርቅ ሆነ።

«ሐጃ፣ ለምንድን ነው?»

«አባቱ ጀልባ ነበረው» አለች ሐጃ፣ ማሸቷን ሳታቆም። «ቱቲ ደሴት ድልድይ ሳይሠራላት በፊት ሰው ያሻግር ነበር። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዋን እቀባላት ነበር፣ የጀልባዋን። አንድ ቀን ሳትመለስ ቀርታ አታውቅም። ድልድዩ መጣ፣ ጀልባዋ ተሸጠች። አሁን ይሄ ነው ያለን።» ራክሻውን በጉልበቷ መታ አደረገችው። «መንገዱ ደግሞ ከወንዙ ይብሳል።»

ጠርሙሷን ከድና ገባች።

ነጂብ ወዲያው ጠጋ አለ። ከኪሱ ጨርቅ አወጣ።

«ያላ። አልኮሉን ይዘሻል አይደል? ጥረጊው፣ ለጥፊው። ዛሬ ይዞ ያድራል።»

«ነገ ጠዋት ስትቀባውስ?»

«ጠርሙሱን ውሃ እሞላዋለሁ።»

«ሽታውስ?»

«ከላይ ሁለት ጠብታ ዘይት እተውላታለሁ። ዓይኗ ደክሟል፣ አታውቅም። አክስትሽ ነገ ታያለች፣ ኸላስ፣ አለቀ። ከዛ በኋላ ብትፈልግ ትስመጥ።»

ሜላት ጨርቁን ተቀበለችው። የአልኮል ጠርሙሷን አወጣች። ጨርቁን ነከረችው። ሌላ ስቲከርም ሆነ ሌላ ቀን አያስፈልጋትም ነበር፤ ወርቃማዋን ደግማ ቆርጣ ካስቀመጠች ቆይቷል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ናት። የሚቀራት መጥረግ ብቻ ነው። ሪያድ የለም፣ መንታ የለም፣ ማዳም የለም።

እጇ መስታወቱ ጋ ደረሰ። የሐጃ መዳፍ በዘይቱ ታትሞ እዛው አለ፣ አምስቱም ጣት።

እጇን መለሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«ዝም በል አንዴ።»

ተመልሳ ሹፌሩ ወንበር ላይ ገባች። መስታወቱን ከውስጥ በኩል በጣቷ ነካችው። ደረቅ ነው። አቧራ ብቻ።

«ነጂብ። ነጭ ብትሆን ይከፋሃል?»

«ወርቅ ነው ያልኩሽ።»

«ወርቁ ጀርባው ግራጫ ነው። ከውስጥ ከለጠፍኩት ከውጪ የሚታየው ግራጫው ነው። ነጩ ግን በሁለቱም በኩል ነጭ ነው።»

«ከውስጥ?» ጨርቁን ነጠቃት። «ማሽንሽ መብራት የለውም እኮ! ዛሬ ከህረባ ካልመጣስ?»

«ካልመጣ ነገ ሪያድ ታደርሰኛለህ። በነፃ።»

«ወላሂ አንቺ ልጅ አብደሻል።»

«ኢንሻላህ ይመጣል» አለች። ድምጿ ግን አላመነም።

ጠዋቱን አልመጣም። ቀትሩንም። ሜላት ላፕቶፑ ባትሪው እያለ ጀልባዋን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ነበር የምትሄደው። ገለበጠቻት፣ ወደ ግራ ሄደች። ከውስጥ የሚለጠፍ ነገር ተገልብጦ ነው የሚቆረጠው፤ አለበለዚያ ከውጪ ላየው ሰው ጀልባዋ ወደ ኋላ ትሄድበታለች። ላፕቶፑን ዘጋች። ጠበቀች። መጠበቅ አትችልበትም። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ማሽኑን ወለወለች፣ ነጩን ጥቅል አስገባች፣ አወጣች፣ አስገባች። እጅጋየሁ ከጓዳ ሆና ልብስ ታጣጥፋለች። የሜላትን ልብስ።

ጥላው ሲረዝም ከህረባ መጣ፤ ማራገቢያው አንዴ አጉረመረመና ዞረ።

አራት ማዕዘኗን ቆረጠች። ምላጯ ወርዳለች፣ ከፍ አደረገቻት። ደግማ ቆረጠች። ልክ ነው። ከዛ ጀልባዋን። ምላጯ በነጩ ላይ ትንሽ ድምፅ እያሰማች ሄደች፣ እንደ እርሳስ። ትርፉን ወደ ኋላ አጥፋ ሳበችው። ቀስ። የሸራው ገመድ ሊነሳ ሲል በጥፍሯ ያዘችው። ማን እያባረረሽ ነው። ቀስ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የነጂብ ግቢ ውስጥ መስታወቱን ከውስጥ በአልኮል ጠረገችው፣ ሁለቴ። ጀልባዋን በማንሻው ቴፕ ከወረቀቷ አንስታ መስታወቱ ላይ አሳረፈቻት። በፍሰሐ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየገፋች አየሩን አስወጣች። ቴፑን በአግድም አጥፋ ላጠችው።

እጅጋየሁ ስትደርስ ሐጃ ዘምዘም ወጥታለች። ሁለቱ ሴቶች ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። እጅጋየሁ የሜላትን ቦርሳ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ እጇን አጣምራ ቆመች። ሐጃ መዳፏን አፋተገች። ጀልባዋን አየች፣ ጠጋ ብላ።

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ወደ ቱቲ» አለች ሜላት።

ሐጃ መዳፎቿን ጀልባዋ ላይ አሳረፈች፣ አሸች። ዘይቱ ሸራውን ከላይ ሸፈነው፣ ጀልባዋ ከሥሩ ነጭ ሆና ቀረች።

ሐጃ ስትጨርስ እጅጋየሁ አውራ ጣቷን ዘረጋች። በጥፍሯ የሸራውን ጠርዝ ፈለገች። ጥፍሯ ዘይቱ ላይ ተንሸራተተ። ደግማ ሞከረች። መስታወት ብቻ ነው የምታገኘው።

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አለች።

«ከውስጥ ሞክሪው እቴቴ።»

ገባች። ጎንበስ ብላ ከውስጥ ሞከረች፣ ሸራውን፣ ገመዱን፣ የጀልባዋን አፍንጫ። ጥፍሯ የሚገባበት ሹል ጫፍ ፈለገች፤ የለም። እጅጋየሁ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ነጂብ፣ ያላ። ሪያድ።»

ሜላት አክስቷን አየቻት። ፊቷ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። ቀስ ብላ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ ገባሽ?» አለች እጅጋየሁ። «ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ለማዳም የምነግራትም እኔ ነኝ። ውረጂና ሱቅ ክፈቺ።»

ወረደች። ነጂብ ሞተሩን አስነሳ፣ ወደኋላ ዞሮ አፉን እስከ ጆሮው ከፈተላት፣ «ባሽመሐንዲስ!» ብሎ ጮኸ። ራክሻው ከግቢው ወጣ። ፀሐይ ከቤቶቹ በላይ ብቅ ብላለች፣ አቧራው ተነስቷል። በአቧራው ውስጥ መንገዱ ውሃ ይመስላል።

ቦርሳዋ የኋላ ወንበር ላይ እንዳለ ትዝ አላት። ልብሷ በሙሉ። ልትጣራ አፏን ከፈተች።

ተወችው፤ ቦርሳው ከአክስቷ ጋር ይመለሳል። ወደ ሱቁ ሄደች፣ መብራት ሳይጠፋ።