አያቷ የሞቱባት ተማሪ

«ነገ ከትምህርት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ዮዲት ቤት ለቅሶ ይደርሳል» ብለው የእንግሊዝኛው መምህር ጋሽ ትዕዛዙ ከክፍል ወጡ። ዮዲት ዴስኩ ላይ ተደፋች። የክፍላቸው ልጅ አበረ መጥቶ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት አጠገቧ የተቀመጠችው ስሜነሽ ጥርሷን ነከሰች። ወይ ጣጣ! የዮዲት አያት እማማ እናትነሽ እኮ ዛሬ ጠዋት አዲስ ቅዳም ከተማ ገበያ ላይ ድንች ሲሸጡ ነበር።

ጣጣው የመጣው ዮዲት ከፈተና ስለቀረች ነው። መምህሩ «ድጋሚ የሚፈተን የቀረበትን ምክንያት በእንግሊዝኛ ጽፎ ያምጣ» አሉ። «‹ቢኮዝ› የሚባል ነገር እንዳላይ! ‹የታመመው አበረ ቀረ› እንደማለት፣ ምክንያቱ በ‹ሁ› ወይም በ‹ሁዝ› ይግባ።» ሰሞኑን ያስተማሩት እሱን ነበር። ዮዲት ደግሞ እንግሊዝኛ ላይ የለችበትም። ስለዚህ ጓደኛዋ ስሜነሽ «አያቷ የሞቱባት ዮዲት ፈተና ላይ አልተገኘችም» ብላ አሳምራ ጻፈችላት።

እውነቱ ሌላ ነው። በፈተናው ቀን አባቷ ለከሰል ከምረው አፈር ያለበሱትን የዲከረንስ ግራር እንጨት፣ አፈሩ ተሰንጥቆ እሳት ሊበላው ሲል፣ ዮዲት አፈር ስትደፍንበት ዋለች። ይህን ግን ሞታ ነው የምትናገረው፤ አምና ክፍሉ «ከሰሏ» እያለ አሳሯን አብልቷታል።

ልጆቹ ሲበተኑ ዮዲት ቀና አለች። «ስሜ፣ በቃ ሌላ ጻፊልኝ። ተሳስተን ነው፣ አልሞቱም በይ።»

«‹ከሞት የተነሡት አያቷ› ልበል?»

«አታሹፊ! ካልተፈተንኩ እወድቃለሁ!»

«ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ፣ እማማ በር ላይ ቆመው ‹ማን ሞቶ ነው?› ቢሉ ማን ሊመልስ ነው? ኧረ አንቺስ አቃጠልሽኝ!»

ዮዲት በልመና እጇን ዘረጋችላት። መዳፏ ላይ የእሳቱ ቃጠሎ ውኃ ቋጥሯል። ስሜነሽ አየችው፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። ውሸቱን እንዲያ አሳምራ የጻፈችው ማን ሆነና!

ወረቀት ቀድዳ እስክሪብቶ አስያዘቻት። «የከሰሉን አንቺው ጻፊ። አርምልሻለሁ።»

«ቢስቁብኝስ?»

«የሚያነቡት መምህሩ ናቸው። ቶሎ በይ፣ የእንጅባራው ሚኒባስ ይዟቸው ሳይሄድ።»

ዮዲት ብዙ ካመነታች በኋላ አጎነበሰች። ስሜነሽም ሌላ ወረቀት ቀደደች።

«አንቺ ደግሞ ምን ትጽፊያለሽ?»

«የራሴን» አለች ስሜነሽ ፊቷን እንዳኮሳተረች። በእንግሊዝኛ «ውሸቱን የጻፈችው ስሜነሽ» ብላም ጀመረች።