ከድልድዩ በስተግራ የወጣችው ፀሐይ

አቶ አክሊሉ ሞተው የተገኙት ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ወደ ባሕሩ ገብቶ በሚያልቀው የእንጨት ድልድይ ሥር ነው። ውሃው ሲሸሽ አስከሬናቸውን በሁለት ምሰሶዎች መካከል ጥሎት ሄዷል። ማጅራታቸው ላይ ቁስል ነበር።

የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ሃያ ስድስት ዓመት የአየር ጠባይ ታዛቢ ሆነው ሠርተዋል፤ አትላንታ ከመጡ በኋላ ደግሞ ፒችትሪ ኮርነርስ በሚገኝ መጋዘን አሥራ አራት ዓመት ዕቃ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ስትሞት ከአትላንታ የአምስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ አንዲት የጆርጂያ ደሴት ላይ ትንሽ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ገቡ። እዚያም የድሮ ሥራቸውን ማንም ሳያዛቸው ቀጠሉ። በየማለዳው በረንዳቸው ላይ ቆመው ፀሐይ የወጣችበትን ሰዓት፣ የደመናውን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫና ሙቀቱን ይመዘግባሉ። የሐምሌን ነጎድጓድ፣ የመስከረምን አውሎ ነፋስ፣ የኅዳርን ጉም ሁሉ ጽፈዋል። ጽፈው ሲጨርሱ አንድ ፎቶና ሁለት መስመር ቃል በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካሉ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን አጓድለው አያውቁም።

በሞቱበት ሰኞም መልእክታቸው ደርሷል። «ፀሐይ 12፡52 ወጣች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጌታ ይመስገን።» ከሥሩ የቀላች ፀሐይ ፎቶ አለ። የአካባቢው ፖሊስ በዚህ ተነሥቶ ሰውዬው ፀሐይ ስትወጣ በሕይወት እንደነበሩ፣ የሞቱትም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ደመደመ። የልጃቸው የሄኖክ መኪና በዚያው ጠዋት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ወደ ደሴቲቱ ሲገባ በካሜራ ታይቷል። አባትና ልጅ ለአንድ ዓመት ያህል እንዳልተነጋገሩም ፖሊስ ሰምቷል። ሐሙስ ዕለት ሄኖክን ለሁለተኛ ጊዜ ጠርተው አራት ሰዓት ሙሉ ጠየቁት።

የአቶ አክሊሉ እኅት ዘሪቱ ወደ አሰፋሽ የሄደችው ያን ጊዜ ነው። አሰፋሽ አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች። አሁን አትላንታ መሐል ከተማ አንድ ሆቴል ሥር ያለውን የመኪና ማቆሚያ ታስተዳድራለች።

«ልጁን ሊያስሩት ነው» አለች ዘሪቱ የቲኬቱን መስኮት ተደግፋ። «አንቺ ደግሞ መርማሪ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ልጄን ባሕር በላት። ወንድሜንም ባሕር በላው። አሁን ደግሞ የወንድሜን ልጅ እስር ቤት ይብላው?»

የዘሪቱ አንድ ልጅ ፍቅርተ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን በዚያው የባሕር ዳርቻ ሲያጠምቅ ሰጥማ ሞታለች። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ድንገተኛ ማዕበል መጣ ተብሎ ተነገረ። ዘሪቱም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብላ ተቀበለች።

አሰፋሽ ሥራዋን ለባልደረባዋ አስረክባ በዚያው ቀን ከአትላንታ ወጣ ብሎ ሊልበርን ወደሚገኘው የዘሪቱ ቤት፣ ወደ ለቅሶው ሄደች። ከሐዘንተኞቹ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ቶማስ ነበሩ። ከአቶ አክሊሉ ጋር የአርባ ዓመት ወዳጆች ናቸው። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል። አሰፋሽ ወደ ጓሮው በር ጠራቻቸው።

«ጋሽ ቶማስ፣ ይቅርታ፣ ሁሉንም ሰው ስለምጠይቅ ነው። ሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የማለዳ ጸሎት እየመራሁ ነበር። ሠላሳ ሰው ይመሰክራል።»

«እሑድ ከሰዓትስ?»

አቶ ቶማስ መሐረባቸውን አጠፉ። «አሞኝ ተኝቼ ነበር። ሰውዬው የሞተው ሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነው። ደሴቱ ላይ ሄደው ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

«ፍቅርተ ካረፈች ወዲህ ያንን ባሕር ላየው አልቻልኩም። ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

በማግስቱ አሰፋሽ በሄኖክ መኪና ወደ ደሴቱ ተጓዘች። ሄኖክ አሜሪካ ያደገ የሠላሳ አንድ ዓመት የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ከተነሡ ሁለት ሰዓት ሆኗቸዋል።

«አባትህን ለምን አኮረፍከው?» አለችው።

«ላይክ፣ እማዬ ስትሞት አንድ ጊዜ እንኳን ሲያለቅስ አላየሁትም። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ፣ ፀሐይ ሊቆጥር። አይ ሚን፣ ማን እንደዚህ ያደርጋል?»

«ሰኞስ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«ሶሪ ልለው። ሌሊት ተነሥቼ ነዳሁ። አንኳኳሁ፣ የለም። በረንዳው ላይ ጠበቅኩት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዎክ እያደረገ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቱ ማች ሆነብኝ፣ ተመለስኩ።»

«ከበረንዳው ላይ ሆነህ ድልድዩን አላየኸውም?»

«ምንም አይታይም ነበር። ጉሙ ክሬዚ ነበር። ሃዛርድ መብራት አብርቼ ነው የነዳሁት።»

አሰፋሽ ስልኳን አውጥታ የሰኞውን መልእክት ደግማ አነበበች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ይላል።

አስከሬኑን ያገኘው አብዱ ደሴቱ ላይ ታክሲ የሚነዳ የሐረር ሰው ነው፤ ደጅ ላይ ጠበቃቸው። አሰፋሽ ስለ ጉሙ ምንም ሳትነግረው ጠዋቱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው።

«ጉም ነበር፣ እኅቴ። ከንጋት ጀምሮ ዓይን የሚጋርድ ጉም! ሦስት ሰዓት አልፎ ነው የገለጠው። ሲገልጥ ነው ያየኋቸው» አለና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። «ሁልጊዜ ዣንጥላ ልያዝ ወይስ አልያዝ ብዬ እሳቸውን ነበር የምጠይቀው።»

ቤቱ ውስጥ የሦስት ዓመት ደብተሮች በተርታ ተደርድረዋል። ፖሊስ አልነካቸውም፤ በአማርኛ የተጻፈ ማን ያነብላቸዋል? አሰፋሽ የመጨረሻውን ደብተር ገለጠች። የመጨረሻው ጽሑፍ የእሑድ ነው። የሰኞ ቦታ ባዶ ነው።

«አባትህ የሚልከው ከመጻፉ በፊት ነው ወይስ ጽፎ ሲጨርስ?»

«ጽፎ ሲጨርስ። ኦልዌይስ። ‹ያልተጻፈ አልታየም› ይላል።»

ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ፣ ሰውዬው ሁልጊዜ በሚቆሙበት ቦታ ቆመች። ድልድዩ ከፊቷ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል፤ እያንዳንዱን ፎቶ መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። የቅዳሜውንና የእሑዱን ፎቶ አየች፤ ፀሐይዋ ከድልድዩ በስተቀኝ ናት። የሰኞዋ ከድልድዩ በስተግራ ናት። ወደኋላ ሄዳ ሌሎቹን አገላበጠች። በክረምቱ ወራት ፀሐይዋ በስተግራ ትወጣለች፤ ከመስከረም በኋላ ወደ ቀኝ ትሻገራለች፤ በየቀኑም የጣት ስፋት ታህል ነው የምትንቀሳቀሰው።

«ይህ ፎቶ የሰኞ አይደለም» አለች።

በግሩፑ ውስጥም ከዚያ በፊት ተልኮ አያውቅም። አቶ አክሊሉ ያነሡትን ሁሉ ይልኩ ስለነበር፣ እንግዲህ ከሌላ ሰው ስልክ የመጣ ነው። ፀሐይ በመንገዷ አንድን ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ ታልፋለች፤ ወደ ሰሜን ስትሄድና ስትመለስ። አሰፋሽ ከግሩፑ ፎቶዎች ጋር አስተያይታ ሁለት ሰሞን ለየች፤ የሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንታትና የነሐሴ አጋማሽ። የሁለቱንም ወራት ደብተሮች ይዛ ተቀመጠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያዝያ 11ን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብባ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከመነሣቷ በፊት ሌሎቹንም ደብተሮች ገጽ በገጽ ፈተሸች። ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ሰኔ ውስጥ አንድ ገጽ በምላጭ ተቆርጧል። ሰኔ 10። የፍቅርተ ቀን።

«ሄኖክ፣ አባትህ ከሥሩ ካርቦን ወረቀት እያደረገ ነበር የሚጽፈው። በእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ ምልክቱ አለ። ቅጂዎቹ የት ናቸው?»

ሄኖክ አፈረ። «በየሦስት ወሩ በፖስታ ይልክልኝ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ናቸው። ከፍቼ አላየኋቸውም፤ አንዱንም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ዘሪቱ ሳሎን አራቱ ተቀመጡ፤ ዘሪቱ፣ ሄኖክ፣ አቶ ቶማስና አሰፋሽ። አብዱም ምስክርነቱን ለመስጠት ከደሴቱ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ሰኞ ጠዋት አቶ አክሊሉ በሕይወት አልነበሩም» አለች አሰፋሽ። «መልእክቱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ይላል። አብዱና ሄኖክ ሳይነጋገሩ ሁለቱም ጉም ነበር አሉኝ፤ በአቅራቢያው ያለው የአየር ማረፊያ መዝገብም እንደዚያው ይላል። ደግሞ የአየር ጠባይ ታዛቢ ‹ጥርት ያለ› አይልም፤ ደመናውን ከስምንት ስንት እጅ እንደሆነ ነው የሚለካው። ወንድምሽ በሦስት ዓመት አንድ ቀን ሳይለካ አላለፈም። የሰኞ ገጽም ባዶ ነው። እሳቸው የሞቱት እሑድ ወደ ማምሻው ነው።»

«ታዲያ ማን ላከው?» አለች ዘሪቱ።

«ራሱ ስልኩ። ቴሌግራም ላይ መልእክቱ ነገ ጠዋት በራሱ እንዲላክ ስኬጁል አድርጎ መሄድ ይቻላል። የወንድምሽ ስልክ ቁልፍ እንደሌለው የሚያውቁት ወዳጆቹ ናቸው። ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት ከኢንተርኔት ማግኘት ቀላል ነው። ያ ሰው ያላወቀው ፀሐይ ቦታ እንደምትቀይር ነው። ስልኩ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ በግሩፑ ታይተዋል፤ ስለዚህ ማንም ያላየውን፣ ራሱ ያነሣውን ከራሱ ስልክ ወደዚያ አስገብቶ ላከ።»

ደብተሩን ገለጠች።

«‹ሚያዝያ 11። ደመና ከስምንት ሁለት እጅ። ቶማስ ትናንት መጥቶ አደረ። ፀሐይዋን እኔ በቆምኩበት ቆሞ በስልኩ አነሣ። ዝም እንድል ደግሞ ለመነኝ።› ጋሽ ቶማስ፣ ባሕሩን ካዩ ሁለት ዓመት እንዳለፈዎት ነግረውኝ ነበር። ይህ ያለፈው ሚያዝያ ነው።»

አቶ ቶማስ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አሰፋሽ ወደ ዘሪቱ ዞረች።

«ዘሪቱ፣ ወንድምሽ ባለፈው ቅዳሜ እንደደወለ ነግረሽኛል፤ ምን አለሽ?»

«ማክሰኞ እመጣለሁ፣ የማነብልሽ ነገር አለኝ አለኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

ዘሪቱ ቀስ ብላ ወደ አቶ ቶማስ ዞረች። «እሑድ፣ ከአምልኮ ስንወጣ... ለእርስዎ። ለእርስዎ ብቻ።»

«እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ ከዚህ የተነሣ ሰው ሲመሽ እዚያ ይደርሳል። ሰኞ ለማለዳ ጸሎትም ተመልሶ ይገኛል። እሑድ የት እንደነበሩ ግን ፖሊስ አልጠየቀዎትም፤ ለእኔም ‹አሞኝ ተኝቼ ነበር› ነው ያሉኝ።» አሰፋሽ ከቦርሳዋ ስስ ወረቀት አወጣች። «ከደብተሩ የቆረጡት ገጽ ቅጂ ነበረው።»

ወረቀቱን ለሄኖክ ሰጠችው። ሄኖክ አማርኛ የሚያነበው እየተንተባተበ ነው። ግን አነበበው።

«‹ሰኔ 10። ፀሐይ 12፡18። ደመና ከስምንት ስድስት እጅ። ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ብርቱ። ባሕሩ ወደ ውስጥ ይጎትታል። 12፡40 ለቶማስ ደወልኩ። ዛሬ ልጆቹን ውሃ እንዳታስገባ አልኩት። እግዚአብሔር ባሕሩን ያበርደዋል፣ እምነት ይኑርህ አለኝ።›» እዚህ ላይ ቆመ።

«ጨርሰው» አለች ዘሪቱ።

«‹ማታ። ፍቅርተ ሞተች። ወርጄ ላስቆማቸው ይገባኝ ነበር። አልወረድኩም።›»

አቶ ቶማስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ወለሉን ያዩ ነበር።

«ልለምነው ነበር የሄድኩት» አሉ። «ድልድዩ ላይ ቆመን ለመንኩት። ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩበት ቤት ነው፤ ሰው ፊት ምን ሆኜ ልቁም? ‹እኔም ከአንተ እኩል ነኝ፣ አብረን እንነግራታለን› አለኝ። ገፋሁት። ምሰሶው መታው። ሲወድቅ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልደረስኩበትም።»

«ከዚያስ?» አለች አሰፋሽ። «ውሃው ውስጥ ሲያዩት በሕይወት ነበር?»

«ይንቀሳቀስ ነበር» አሉ አቶ ቶማስ።

ሄኖክ ብድግ ሲል አብዱ ከኋላው ክንዱን ያዘው። አሰፋሽ በሩን ከፈተች። ጠዋት ሁሉንም አስረድታው የነበረው የፖሊስ መርማሪ ከመኪናው ወርዶ ገባ። አቶ ቶማስ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማንም ሳይነካቸው ቀድመው ወጡ። ደጃፉ ላይ «ዘሪቱ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። እሷ ፊቷን አላዞረችም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሄኖክ አክስቱ እግር አጠገብ ተቀመጠ። «ሊነግርሽ ነበር እኮ» አላት። «ሊነግርሽ ሲል ነው የሞተው።»

«ሁለት ዓመት» አለች ዘሪቱ። ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነው። «በየበዓሉ ወንድሜ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከእጄ በላ። ‹ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር አይደል?› እያልኩ ስጠይቀው አቀርቅሮ ዝም ይል ነበር። ሐዘኑ ከብዶት መስሎኝ እኔ ነበርኩ የማጽናናው።»

አሰፋሽ ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ዘሪቱ ገለል አደረገቻት።

«አስከሬኑን ሲሰጡን ወንድሜን በወግ በማዕረጉ እቀብረዋለሁ» አለች። «ልጁንም እንደ ልጄ አያለሁ። እንባ ግን አትጠይቁኝ።»

ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ለቀስተኞች ያመጧቸውን ሳህኖች ማጠብ ጀመረች።